የቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ የመጠባበቂያ መሣሪያዎች አያያዝ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርታዊ ጽሑፍ

1. መግቢያ

ቆሮሶ የሚባለው የናይል ቲላፒያና አምባዛ በገበሬ ኩሬ ውስጥ ለማርባት ተስማሚ ከሆኑት የዓሣ ዓይነቶች መካከል ዋነኞቹ ናቸው። የእነዚህ ዓሦች ጫጩቶች እንደ ሰበታ ካለ የምርምር ማዕከል ወይም ከሌላ ማራቢያ ጣቢያ ከመጡ በኋላ ወደየገበሬው ኩሬ እስኪከፋፈሉ ድረስ ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ለጥቂት ሳምንታት፣ በቤት ውስጥ በተዘጋጀ የመስታወት፣ የፕላስቲክ ወይም የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ ብዙ ዓሣ በጥቂት ውሃ ውስጥ ስለሚሰበሰብ ሕይወታቸው በመሣሪያ ላይ የተመሠረተ ይሆናል። አየር የሚነፋው፣ ውሃውን የሚያጣራውና የሚያሞቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ነው።

በኩሬ ውስጥ ያለ ዓሣ መብራት ቢጠፋ አያውቀውም። በቤት ውስጥ ገንዳ ያለ ዓሣ ግን መብራት ከጠፋበት ደቂቃ ጀምሮ በችግር ላይ ነው። ስለሆነም የቤት ውስጥ ገንዳ ያቋቋመ ማኅበር ሁሉ ከዋናው መሣሪያ ጎን መጠባበቂያ መሣሪያ መያዝ፣ የያዘውንም በማንኛውም ሰዓት ለሥራ ዝግጁ አድርጎ መጠበቅ ይኖርበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትኛው መሣሪያ መጠባበቂያ እንደሚያስፈልገው፣ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ፣ የትና በማን እጅ መቀመጥ እንዳለበት፣ እንዲሁም በምን ያህል ጊዜ መፈተሽ እንደሚገባው ማስረዳት ነው። በትምህርት ቤት ወይም በቢሮ ውስጥ ትንሽ የመስታወት ገንዳ ለማሳያ የያዙ ሰዎችም በዚሁ ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ የሚለየው መጠኑ ብቻ ነው።

2. በአንድ ሌሊት የደረሰ ጉዳት

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በሰብል ሳይንስ የሠለጠነ ሲሆን፣ ከዓሣ ጋር የተዋወቀው በሥራ ላይ ነው። በሥራው መጀመሪያ ዓመታት ለአንድ ማኅበር አባላት ሊከፋፈሉ የተዘጋጁ የቆሮሶ ጫጩቶችን የያዙ ሁለት ገንዳዎች በኃላፊነት ተሰጥተውት ነበር። ተጠባባቂ የአየር መንፊያ፣ ባትሪና ኢንቨርተር ተገዝተው፣ በሞዴል 19 ገቢ ሆነው፣ በመጋዘን ተቀምጠዋል። በመዝገቡ መሠረት የጎደለ ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ዘበኛው ወዲያውኑ ቢያስታውቅም የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ከንብረት ጠባቂው ዘንድ ነበር፤ ንብረት ጠባቂው ደግሞ ለለቅሶ ወደ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። ሲጠበቅ፣ ሲፈለግና በመጨረሻም ቁልፉ ሲሰበር ጊዜው ነጎደ። መንፊያው ወጥቶ ከባትሪው ጋር ሲገናኝ ድምፅ ሰጠ፤ አየር ግን አልወጣም። ተፈትቶ ሲታይ ውስጡ ያለው የላስቲክ ሽፋን ከገዛንበት ቀን ጀምሮ ሳይነካ በሙቀትና በአቧራ ደርቆ ተሰንጥቋል። መለዋወጫ ላስቲክ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዘበኛው ማንም ሳያዘው ጣሳ ይዞ ከአንደኛው ገንዳ ውሃ እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ያፈስ ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ሲጠየቅ፣ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ሲያይ አየር ያጡ መስሎት መሆኑን ገለጸ። ነጋ። እርሱ ሲያፈስበት ያደረው ገንዳ ዓሦች አብዛኞቹ ተረፉ። የሁለተኛው ገንዳ ዓሦች አለቁ። ኩሬያቸውን ቆፍረው፣ ውሃ ሞልተውና ፍግ ጨምረው ይጠብቁ ከነበሩት አባላት ግማሽ ያህሉ በዚያ ወቅት ጫጩት አላገኙም።

ጥፋቱ የመብራቱ አልነበረም፤ መብራት እንደሚጠፋ እናውቃለን። የንብረት ጠባቂውም አልነበረም፤ ለቅሶ መድረስ የሚጠበቅ ነገር ነው። ጥፋቱ መሣሪያ መግዛትን እንደ ዝግጅት የቆጠረው የአዘጋጁ ነበር። ሾፌር ያለ ስኮርታ መንገድ አይወጣም፤ ይሁን እንጂ ያልተነፋ ስኮርታ የያዘ፣ ወይም ክሪኩን ቤቱ ረስቶ የወጣ ሾፌር፣ ስኮርታ ከሌለው የሚለየው ሸክም በመጨመሩ ብቻ ነው።

3. በገንዳ ውስጥ ያለው አየር ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?

ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። ውሃ ሊይዝ የሚችለው የኦክሲጅን መጠን በጣም ጥቂት ነው። በባሕር ወለል ከፍታ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ አንድ ሊትር ውሃ ሊይዝ የሚችለው 8.3 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ሁለት ነገሮች ይህን መጠን ይቀንሱታል።

ሀ. ሙቀት፦ ውሃው በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ሚሊ ግራም ይወርዳል። በአንጻሩ ዓሣው ሲሞቀው የሚፈልገው ኦክሲጅን ይጨምራል።

ለ. የቦታ ከፍታ፦ ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊት አነስተኛ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ወለል ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በ25 ዲግሪ 6.5 ሚሊ ግራም ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ በውጭ አገር መጻሕፍትና በመሣሪያ መመሪያዎች ላይ የሚገኙት የዓሣ ብዛት ልኮች ለደጋና ለወይና ደጋ አካባቢዎቻችን እንዳለ ሊወሰዱ አይገባም።

የሚከተለው ስሌት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። 1,000 ሊትር ውሃ የሚይዝ ገንዳ በእያንዳንዱ ሊትር 6 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን ቢኖረው፣ በጠቅላላው ያለው 6 ግራም ብቻ ነው። ይህም የአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ክብደት ያህል ነው። መጠኑ ወደ 2 ሚሊ ግራም ሲወርድ ዓሦቹ በከባድ ጭንቀት ላይ ስለሚሆኑ ሊጠቀሙበት የሚችሉት 4 ግራም ነው እንበል። ትናንሽ የቆሮሶ ዓሦች በሞቀ ውሃ ውስጥ በአንድ ኪሎ ክብደታቸው በሰዓት ከ0.2 እስከ 0.5 ግራም ኦክሲጅን ሊጠቀሙ ይችላሉ። በገንዳው ውስጥ 10 ኪሎ ዓሣ ቢኖርና 0.4 ግራም ብንወስድ፣ በሰዓት የሚፈጀው 4 ግራም ይሆናል። መንፊያው ከቆመ በኋላ ያለን ጊዜ እንግዲህ አንድ ሰዓት ያህል ነው። የዓሣው ክብደት 2 ኪሎ ቢሆን ግን ጊዜው ወደ አምስት ሰዓት ይረዝማል።

በእርግጥ ከውሃው ገጽ ላይ ጥቂት አየር ይገባል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የምግብ ትራፊና ኩስ ሲበሰብስ ኦክሲጅን ይሻማል። ስለዚህ ስሌቱ ለግምት ብቻ የሚያገለግል ነው። ከስሌቱ የሚገኘው ዋናው ትምህርት ግን የማይለወጥ ነው፦ ገንዳ ባጨናነቅን ቁጥር የመጠባበቂያ ጊዜያችንን እናሳጥራለን። ዓሣ ማሳሳት ገንዘብ የማይጠይቅ የመጀመሪያው መጠባበቂያ ነው።

የየገንዳውን ትክክለኛ ጊዜ ለማወቅ የሚከተለው ሙከራ ይደረግ። በቀን፣ ሠራተኞች ባሉበት፣ መንፊያው ይጥፋና ሰዓት ይያዝ። ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ መተንፈስ ሲጀምሩ መንፊያው ወዲያውኑ ይከፈትና ያለፈው ጊዜ ይመዝገብ። የዚህ ጊዜ ግማሽ ‹የገንዳው የትዕግሥት ሰዓት› ተብሎ በግድግዳው ላይ ይጻፍ። ማንኛውም መጠባበቂያ ከዚህ ሰዓት በፊት ሥራ መጀመር አለበት። ዓሦቹ ሲያድጉ ወይም ሲጨመሩ ጊዜው ስለሚያጥር ሙከራው እንደገና ይደረግ።

አምባዛ ካደገ በኋላ ከውሃ በላይ ያለውን አየር መተንፈስ ስለሚችል የአየር እጥረትን ከቆሮሶ የበለጠ ይቋቋማል። ገና የተፈለፈሉት የአምባዛ ጫጩቶች ግን ይህ ብልት ስላላደገላቸው እንደማንኛውም ዓሣ በስንጥባቸው ብቻ ይተነፍሳሉ። ‹አምባዛ ነው፣ ምንም አይሆንም› ብሎ መዘናጋት አይገባም።

4. መሣሪያዎችን በአጣዳፊነት መመደብ

ለሁሉም መሣሪያ እኩል መጠባበቂያ መያዝ አቅምም አይፈቅድም፣ አስፈላጊም አይደለም። መሣሪያዎቹ ‹ይህ ቢቆም ዓሣው ምን ያህል ጊዜ ይታገሣል?› በሚለው ጥያቄ መሠረት በአራት ይመደቡ።

አንደኛ ምድብ፦ በደቂቃና በሰዓት የሚቆጠር። የአየር መንፊያና ኃይል የሚሰጠው ምንጭ። ለዚህ ምድብ ሙሉ መሣሪያ በተጠባባቂነት ይያዝ።

ሁለተኛ ምድብ፦ በሌሊትና በቀን የሚቆጠር። የውሃ ማሞቂያና የሙቀት መለኪያ። ለዚህ ምድብ አንድ ተጨማሪ ማሞቂያ፣ ሁለት ቴርሞሜትር ይበቃል።

ሦስተኛ ምድብ፦ በቀናት የሚቆጠር። ማጣሪያ፣ የውሃ ፓምፕና የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ። ለዚህ ምድብ መለዋወጫ ክፍሎችና አንድ ቀላል የስፖንጅ ማጣሪያ ይያዝ።

አራተኛ ምድብ፦ የእጅ መሣሪያዎች። መረብ፣ ባልዲ፣ ጣሳ፣ ቱቦ፣ ባውዛ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ፊውዝ። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ይሁን እንጂ በሌሊት ከጠፉ የአንደኛው ምድብ መሣሪያ ሁሉ ዋጋ ያጣል።

5. የመጠባበቂያዎቹ ዝርዝርና አጠቃቀም

5.1 የአየር መንፊያ

አንድ ትልቅ መንፊያ ከመያዝ ሁለት መካከለኛ መንፊያዎችን ይዞ ሁለቱንም ዘወትር ማሠራት ይመረጣል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ዓሣውን በሕይወት ያቆየዋል። በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ መንፊያ መበላሸቱ አይታወቅም፤ እየሠራ ያለ መንፊያ ግን ሲቆም ይታያል።

ለእያንዳንዱ መንፊያ የሚከተሉት መለዋወጫዎች ይያዙ፦
— ለዓይነቱ የሚስማማ የላስቲክ ሽፋን፣ ቢያንስ ሁለት፤
— ሦስት ሜትር የአየር ቱቦ፤
— አየር የሚበትን ድንጋይ፣ ሁለት፤
— ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ትንሽ ቫልቭ፣ ሁለት።

መብራት ሲጠፋ ውሃ በቱቦው ተመልሶ ወደ መንፊያው ሊገባና ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ መንፊያው ከውሃው ገጽ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ቫልቩም ይግባለት። የላስቲክ መለዋወጫዎች ከፀሐይና ከሙቀት ርቀው፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጡ፤ ቀኑም ይጻፍባቸው።

5.2 የኃይል ምንጭ

ለገንዳ አስተማማኙና ርካሹ የኃይል መጠባበቂያ በ12 ቮልት ቀጥታ የሚሠራ መንፊያና አንድ ባትሪ ነው። ባትሪው ምን ያህል ሰዓት እንደሚያገለግል በሚከተለው መንገድ ይሰላል።

የባትሪው ቮልት በአምፔር ሰዓቱ ይባዛል፤ ለምሳሌ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ትንሽ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ሊጠቀሙበት አይገባም፤ ስለዚህ 42 ዋት ሰዓት እንወስዳለን። 5 ዋት የሚወስድ መንፊያ በዚህ ባትሪ ስምንት ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ይህም ሌሊቱን ያሳልፋል። 50 አምፔር ሰዓት የሆነ የመኪና ባትሪ በተመሳሳይ ስሌት 300 ዋት ሰዓት ስለሚሰጥ ይኸንኑ መንፊያ 60 ሰዓት ያህል ያሠራዋል።

መንፊያው በ220 ቮልት የሚሠራ ከሆነ ኢንቨርተር ያስፈልጋል። ኢንቨርተሩ ራሱ ኃይል ስለሚበላ ከተገኘው ሰዓት ቢያንስ አንድ አምስተኛ ይቀነስ፤ ትልቅ ኢንቨርተር በትንሽ መንፊያ ላይ ሲሠራ ደግሞ ብክነቱ ከዚህም ይበልጣል።

ባትሪ ሞልቶ ካልተቀመጠ ይሞታል። አርፎ የተለካ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ወደ ግማሽ ወርዷል። በየወሩ ይለካ፣ ይሞላ። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ለባትሪ የተዘጋጀ የተጣራ ውሃ ብቻ ይጨመርበት። በአካባቢው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ካለ ባትሪውን ዘወትር ሞልቶ ለማቆየት ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው።

ጄኔሬተር ብዙ ገንዳ ላለው ማኅበር ይጠቅማል። በየወሩ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከነጭነቱ ይሠራ። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ጠባዩ ስለሚለወጥ በየጊዜው በሥራ ላይ እየዋለ በአዲስ ይተካ።

5.3 ኃይል የማይፈልግ መጠባበቂያ

ኤሌክትሪክ፣ ባትሪና ነዳጅ ሁሉ ሊታጡ ይችላሉ። ስለዚህ የመጨረሻው መጠባበቂያ በእጅ የሚሠራ መሆን አለበት።

ሀ. ጣሳ፦ ከገንዳው ውሃ እየቀዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ። ውሃው ሲወርድ አየር ይቀላቅላል። የጣሳው ሥር በምስማር ቢበሳሳ ውሃው እየተንጠባጠበ ስለሚወርድ የበለጠ አየር ይወስዳል። በአሥር በአሥር ደቂቃው ለጥቂት ደቂቃ ማፍሰስ፤ ዓሦቹ ከገጽ ላይ ካልወረዱ ያለማቋረጥ መቀጠል ይገባል።

ለ. በርሜል፦ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ከገንዳው ከፍ ባለ መቀመጫ ላይ ይሰቀል፤ ቧንቧ ይግጠምለት፤ ከቧንቧው ሥር የተበሳሳ ጣሳ ይንጠልጠል። ውሃው በደቂቃ አንድ ሊትር እንዲወርድ ቢስተካከል በርሜሉ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይቆያል። ከገንዳው የሚተርፈው ውሃ በባልዲ ተቀብሎ ወደ በርሜሉ ይመለስ። ይህ ዘዴ ጊዜ ይሰጣል እንጂ ብዙ ዓሣ ባለበት ገንዳ መንፊያውን አይተካም፤ ከጣሳው ጋር አብሮ የሚሠራበት ነው።

5.4 ማጣሪያ

ማጣሪያ ሥራው ቆሻሻ መያዝ ብቻ አይደለም። በስፖንጁ ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ከዓሣው የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይትና ከዚያም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነ ናይትሬት ይለውጣሉ። አዲስ ማጣሪያ እነዚህን ባክቴሪያዎች በበቂ ለማፍራት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስድበታል። እንግዲህ በሣጥን የተቀመጠ አዲስ ማጣሪያ በችግር ቀን ሙሉ መጠባበቂያ ሊሆን አይችልም።

መፍትሔው ቀላል ነው። በአየር የሚሠራ አንድ ትንሽ የስፖንጅ ማጣሪያ ከዋናው ጎን በገንዳው ውስጥ ዘወትር ይሥራ። ዋናው ቢበላሽ ይህኛው ባክቴሪያውን ይዞ ይቆያል፤ አዲስ ገንዳ ሲከፈትም እንደ እርሾ ያገለግላል። ስፖንጅ ሲታጠብ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ይታጠብ እንጂ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ አይታጠብ።

5.5 ሙቀት

ቆሮሶ የሚስማማው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ከ16 ዲግሪ በታች ምግብ ያቆማል፤ ከ12 ዲግሪ በታች ሕይወቱ በአደጋ ላይ ነው። በደጋ አካባቢ ትንሽ የመስታወት ገንዳ በአንድ የኅዳር ወይም የታኅሣሥ ሌሊት ብዙ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ትልቅ ገንዳ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው።

ማሞቂያን በባትሪ ለማሠራት መሞከር አይገባም። መንፊያውን 60 ሰዓት የሚያሠራው የመኪና ባትሪ 100 ዋት ማሞቂያን ሦስት ሰዓት እንኳ አያደርሰውም። ባትሪው ለአየር ብቻ ይዋል። ለሙቀት ገንዳው በብርድ ልብስ፣ በአሮጌ ጋቢ ወይም በጆንያ ይሸፈን፤ ከላይ ግን አየር የሚገባበት ክፍተት ይተውለት። ካስፈለገ ሙቅ ውሃ የተሞላ፣ በደንብ የተከደነ ትንሽ ጀሪካን በገንዳው ላይ ይንሳፈፍ። ሙቀቱ በሰዓት ከአንድ ወይም ከሁለት ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር በቴርሞሜትር ይከታተሉ። ሙቅ ውሃ በቀጥታ ወደ ገንዳው መጨመር ክልክል ነው።

5.6 ውሃና ልዩ ልዩ ዕቃዎች

ከገንዳው መጠን ቢያንስ አንድ አራተኛ የሚሆን ክሎሪን የወጣለት ውሃ በበርሜል ይጠራቀም። የቧንቧ ውሃ ክዳኑ ተከፍቶ 24 ሰዓት በላይ ሲቆይ፣ በተለይም አየር ሲነፋበት፣ ክሎሪኑ ይወጣል። ጊዜ ከሌለ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይጨመር፤ ለ1,000 ሊትር ውሃ፣ በሊትር ለሚገኘው ለእያንዳንዱ 1 ሚሊ ግራም ክሎሪን፣ 7 ግራም ይበቃል።

6. አቀማመጥና ኃላፊነት

6.1 የመጠባበቂያ ዕቃዎች በአንድ ሣጥን ተሰብስበው ገንዳው ባለበት ክፍል ይቀመጡ። ሣጥኑ ከመሬት ከፍ ይበል፤ ውሃ የማይደርስበት ይሁን።

6.2 የንብረት ሕግ የሚያስገድድ ሆኖ ሣጥኑ የሚቆለፍ ከሆነ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ በዘበኛው እጅ ይሁን። ሌሊት የሚነቃው ዘበኛው ስለሆነ መሣሪያው ለእርሱ ቅርብ መሆን አለበት። ዕቃው በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በገንዳው ኃላፊ ስም ይመዝገብ እንጂ በመጋዘን አይቆይ።

6.3 ዘበኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና ተራ የሚገቡ አባላት ሁሉ በተግባር ይሠልጥኑ። ሥልጠናው በጨለማ፣ በባውዛ ብርሃን ይሁን። ቱቦውን በጨለማ መቀጠል ያልቻለ ሰው ሠልጥኗል ሊባል አይችልም።

6.4 ባልዲና ጣሳው ላይ ‹የዓሣ ብቻ› ተብሎ ይጻፍ። ሳሙና፣ በረኪና ወይም ፀረ ተባይ የነካው ዕቃ ለገንዳ አይውልም።

6.5 አንድ መለዋወጫ ከሣጥኑ ሲወጣ በዚያው ሳምንት ይተካ። ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ‹በሌላ ጊዜ ይገዛል› ተብሎ ባዶ የሚቀር ሣጥን ነው።

7. የፍተሻ ፕሮግራም

በየቀኑ፦ መንፊያዎቹ ሁለቱም መሥራታቸው፣ የውሃው ሙቀት፣ የዓሦቹ ሁኔታ ይታይ።

በየሳምንቱ፦ ዋናው መሣሪያ ለ30 ደቂቃ ይጥፋና መጠባበቂያው ብቻ ይሥራ። ይህ ፍተሻ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል።

በየወሩ፦ የባትሪው ቮልት ይለካ፤ ጄኔሬተሩ ይነሣ፤ ሣጥኑ ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከር።

በየስድስት ወሩ፦ የመንፊያው ላስቲክ ተፈትቶ ይታይ፤ የደረቀው ይቀየር፤ ቱቦዎች ይፈተሹ።

ፍተሻውን ያደረገው ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ያገኘውን ጉድለት በመዝገብ ይጻፍ።

8. መብራት ሲጠፋ የሚወሰድ እርምጃ

ይህ ክፍል በትልቁ ተጽፎ በገንዳው ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

1ኛ. ሰዓት ይያዝ።
2ኛ. የዋናዎቹ መሣሪያዎች ሶኬት ይነቀል፤ መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ብሎ እንዳያቃጥላቸው ነው።
3ኛ. የባትሪው መንፊያ ይከፈት፤ አረፋ መውጣቱ በዓይን ይረጋገጥ።
4ኛ. መንፊያው ካልሠራ ሳይዘገይ በጣሳ ማፍሰስ ይጀመር፤ መሣሪያ መጠገኑ በሌላ ሰው ይከናወን።
5ኛ. ምግብ አይሰጥ። የበላ ዓሣ ብዙ አየር ይፈልጋል፤ ውሃውንም ያቆሽሻል።
6ኛ. ቅዝቃዜ ካለ ገንዳው ይሸፈን።
7ኛ. መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ አንድ በአንድ ይሰካ። ለሰዓታት ተዘግቶ የቆየ ማጣሪያ ውስጡ ያለው ውሃ ስለሚበላሽ ተደፍቶ፣ በገንዳ ውሃ ታጥቦ ይግጠም።
8ኛ. ምግብ እስከ ማግሥቱ ይቆይ። ውሃው ከሸተተ አንድ አምስተኛው በተጠራቀመው ውሃ ይቀየር።

9. ለሰው ሕይወት የሚደረግ ጥንቃቄ

ዓሣ ይተካል፤ ሰው አይተካም። ጄኔሬተር በቤት ውስጥ፣ በበረንዳ ወይም በመስኮት አጠገብ አይሠራ፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። በዚሁ ምክንያት ገንዳ ለማሞቅ ተብሎ በተዘጋ ክፍል የከሰል ምድጃ ማቀጣጠል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ጄኔሬተሩ እንደጋለ ቤንዚን አይጨመርበት። ባለሙያ የገጠመው መቀያየሪያ ሳይኖር ጄኔሬተር ከቤቱ የመብራት መስመር ጋር አይገናኝ፤ በመስመሩ ላይ የሚሠራ ሰው ሊገድል ይችላል። የኤሌክትሪክ ገመዶች ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደታች ይረገቡ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ሶኬት ውስጥ ሳይገባ ይንጠባጠባል። እጅ ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት ማሞቂያው ይነቀል።

10. አቅም ላነሰው ማኅበር

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልተገኘ ግዥው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይፈጸም፦ በመጀመሪያ ጣሳ፣ ባልዲ፣ ባውዛና የተሰቀለ በርሜል፤ ቀጥሎ የመንፊያ ላስቲክና ቱቦ፤ ቀጥሎ በ12 ቮልት የሚሠራ መንፊያና ባትሪ፤ ከዚያም የስፖንጅ ማጣሪያና ተጨማሪ ማሞቂያ፤ ጄኔሬተር በመጨረሻ። ብዙ ማኅበራት ጄኔሬተር አስቀድመው ለመግዛት ሲጠባበቁ ዓመት ሙሉ ያለ ጣሳ ይቀመጣሉ። እስከዚያው የዓሣው ብዛት በመጠባበቂያው ልክ ይወሰን።

11. ማጠቃለያ

መጠባበቂያ መሣሪያ ማለት የተገዛ መሣሪያ ሳይሆን፣ ባለፈው ሳምንት ሲሠራ የታየ፣ ቁልፉ በቅርብ ያለና የሌሊቱ ሰው ሊያንቀሳቅሰው የሚችል መሣሪያ ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መዝገቡ ላይ ያለው ዕቃ ዓሣ አያድንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይህን ጽሑፍ ለማኅበሩ አባላት ካስረዱ በኋላ በዚያው ቀን መንፊያውን አጥፍተው መጠባበቂያውን እንዲያስነሡ ማድረግ ይኖርባቸዋል።

12. የመወያያ ጥያቄዎች

1. የማኅበራችን ገንዳ ስንት ሊትር ይይዛል? በውስጡ ስንት ኪሎ ዓሣ አለ? መንፊያው ቢቆም ስንት ሰዓት አለን?
2. ዛሬ ሌሊት መብራት ቢጠፋ በመጀመሪያ የሚነቃው ማን ነው? የሣጥኑ ቁልፍ አሁን የት ነው?
3. የመንፊያችን ላስቲክ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው? ያየውስ ማን ነው?
4. በእጃችን ባለው ገንዘብ ዛሬ ልንገዛው የምንችለው የመጀመሪያው መጠባበቂያ ምንድን ነው?